ከኮምቦልቻ ተነስቶ ሩቅ አገር ለመዝናናት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለችው የትኬት ቢሯችን ሁለት ጠረጴዛ፣ አራት ወንበርና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ የዓለም ካርታ አላት። ካርታው ላይ ጅዳ፣ ዱባይና ቤይሩት የጣት ብዛት አርፎባቸው ቀለማቸው ለቋል። ከዚያ በስተምሥራቅ ያለው ግን ዛሬም እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ሰሞኑን ጣቶች ወደዚያ መጠጋት ጀምረዋል፤ ያውም ለሥራ ሳይሆን ለመዝናናት። ጥያቄው ከሰው ሰው ብዙም ስለማይለይ፣ መልሱን አንድ ጊዜ ጽፎ መገላገል ሳይሻል አይቀርም ብለን ይህን አዘጋጀን። የትኬት ሻጭ አስተያየት ስለሆነ የማይስማማበት ሰው ቢኖር አይገርመንም።

ዱባይን አይቻለሁ። ቀጥሎ የት ብሄድ ይሻላል?

ፈቃድ የሚወጡት በስንተኛው ወር ነው?

ጥያቄን በጥያቄ መመለስ እንደማያስደስት እናውቃለን። ነገር ግን አገር መርጦ ወር ከመፈለግ፣ ወር ይዞ አገር መምረጥ ይቀላል። አገሩ ብዙ ነው፤ ወሩ ግን በእርስዎ እጅ አይደለም። መምህር ከሆኑ ሐምሌና ነሐሴ ነው፣ አለቀ። ነጋዴ ከሆኑ ከፋሲካ ወይም ከዒድ ገበያ በፊት ሱቅ ዘግተው አይሄዱም። የባንክ ሠራተኛ ከሆኑ ሰኔ መጨረሻ ላይ ሒሳብ ይዘጋል፤ ፈቃድ ብሎ ነገር አይታሰብም።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር የታይላንዷን ደሴት የፉኬትን ፎቶ ስልካቸው ላይ ይዘው መጡ። ውሃው ሰማያዊ፣ አሸዋው እንደ ማኛ ጤፍ ዱቄት ነጭ። ፈቃዳቸው ነሐሴ ነበር። ፉኬት ደግሞ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ የዝናብና የነፋስ ወቅቷ ነው። ማዕበሉ ሲነሣ ዳርቻው ላይ ቀይ ባንዲራ ይተከላል፤ መዋኘት ክልክል ነው ማለት ነው። ሰውዬው ከጦሳ ተራራ ጉም ሸሽተው፣ የወር ደመወዛቸውን ስንት እጥፍ ከፍለው፣ ሌላ ጉም ሊመለከቱ ነበር። እዚያው ታይላንድ ውስጥ፣ በሌላኛው ባሕር በኩል ያለችው ኮ ሳሙይ ደሴት ግን በነሐሴ ደህና ናት፤ የእሷ ትልቁ ዝናብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። መምህሩ ወደዚያ ሄዱ። ሲመለሱ ጠቁረው፣ አንድ ከረጢት የደረቀ ማንጎ ይዘውልን መጡ።

«ሩቅ» የሚባለው ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?

በአየር መንገዶች ቋንቋ ከ6 ሰዓት በላይ የሆነ በረራ ረጅም ይባላል። ከቦሌ ተነስተው ዱባይ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ጆሃንስበርግ አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ፤ ባንኮክና ሲንጋፖር 9 ሰዓት ገደማ፤ ሳኦ ፓውሎ ደግሞ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል።

ይህ ግን ለአዲስ አበባ ሰው የሚሠራ ሒሳብ ነው። የደሴ ሰው የሚቆጥረው ከቤቱ በር ነው። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። ከዚያ የፍተሻ ሰልፍ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ገደማ በረራ፣ ከዚያ ቦሌ ላይ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት መጠበቅ፣ ከዚያ ነው እንግዲህ ዘጠኙ ሰዓት የሚጀምረው። ባንኮክ ደርሰው የሆቴል አልጋ ላይ ጋደም እስኪሉ አንድ ሙሉ ቀን ያልፋል። በምድር አዲስ አበባ የሚገቡ ከሆነ 400 ኪሎ ሜትሩ ብቻውን አንድ ቀን ይወስዳል፤ ማደሪያም ይጨመራል።

ስለዚህ ያለዎት ፈቃድ አንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ ሩቅ ምሥራቅን ይተዉት። ሁለት ቀን በመሄድና በመመለስ፣ አንድ ቀን ደግሞ እንቅልፍ ዞሮብዎ ሆቴል ውስጥ በማንቀላፋት ያልቃል። ለሰባት ቀን ዛንዚባር፣ ሲሸልስ ወይም ኢስታንቡል ይበቃል። አሥርና ከዚያ በላይ ቀን ሲኖርዎት ስለ ባንኮክ እናወራለን።

እንግዲያስ በየትኛው ወር የት ይኬዳል?

ክረምት ላይ ብቻ ፈቃድ ላላቸው፣ ማለትም ለሐምሌና ለነሐሴ፣ መጀመሪያ የምናሳየው የኢንዶኔዥያዋን ደሴት ባሊን ነው። ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች እዚህ ሲዘንብ እዚያ በጋ ነው፤ ደረቁ ወቅት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ይቆያል። ጉዳቱ አውሮፓውያንም በዚሁ ጊዜ ስለሚጎርፉ የሆቴል ዋጋ መናሩ ነው። ሁለተኛው የቬትናም መካከለኛ ክፍል ነው፤ ዳ ናንግና ሆይ አን። እስከ ነሐሴ ድረስ ፀሐይ ነው፣ ጎርፉ የሚመጣው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ሦስተኛው በማሌዥያ ምሥራቃዊ ዳርቻ ያሉት ደሴቶች ናቸው፤ ቲዮማንና ፐርሄንቲያን። እነዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ማዕበል ብዙዎቹ ሆቴሎቻቸው ይዘጋሉ፤ በክረምታችን ግን ክፍት ናቸው።

ደቡብ አፍሪካ ላይ ሰዎች በብዛት ይሳሳታሉ። ኬፕታውን በሐምሌ ብርዳምና ዝናባማ ናት፤ የደሴ ሰው ለብርድ ሲል ዶላር የሚያወጣበት ምክንያት አይታየንም። የዱር እንስሳት ለማየት ክሩገር ፓርክ የሚሄድ ሰው ግን ሐምሌና ነሐሴን አይልቀቅ። ሣሩ ደርቆ ቁጥቋጦው ስለሚሳሳ፣ እንስሳቱም ወደ ውሃ ጉድጓዶች ስለሚሰበሰቡ አንበሳ የማየት ዕድሉ ያኔ የተሻለ ነው። ኬፕታውን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ትሁን።

ከኅዳር እስከ የካቲት ፈቃድ ያለው ሰው የታደለ ነው። ባንኮክ፣ ቺያንግ ማይ፣ ፉኬት፣ የማሌዥያዋ ላንግካዊ ሁሉም ያኔ ያምራሉ። ከዚህ ውስጥ ለክርስቲያን ደንበኞቻችን ለይተን የምንነግራቸው አንድ ክፍተት አለ፦ ከጥምቀት ማግሥት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ። አየሩ ደረቅ ነው፣ ከነነዌና ከረቡዕ ዓርብ በቀር ጾም የለም፣ የፈረንጅ ገናና አዲስ ዓመት ስላለፈ ዋጋውም ቀዝቀዝ ይላል። ለሙስሊም ደንበኞቻችን ይህ ክፍተት ሁልጊዜ አይሠራም፤ ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በእነዚህ ዓመታት የካቲትንና ጥርን እየነካ ነው።

መጋቢትና ሚያዝያ የጃፓን ነው። የቶኪዮ የቼሪ አበባ በመጋቢት ሁለተኛ አጋማሽ ይፈነዳል፤ ሳምንት ቆይቶ ይረግፋል። ከሚያዝያ 21 እስከ 27 ገደማ ግን ጃፓኖች ራሳቸው ተከታታይ በዓል ስላላቸው ባቡሩም ሆቴሉም ይጨናነቃል። ቻይናም እንዲሁ ከመስከረም 21 ጀምሮ ባለው ሳምንት አትነካ፤ አገሩ በሙሉ መንገድ ላይ ነው።

ቪዛ ብዙ የማያንገላታ ሩቅ አገር አለ?

አለ፤ ግን ዝርዝሩ አጭር ነው፣ ደግሞም ይለዋወጣል። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የዚያኑ ሳምንት ማረጋገጥ ግድ ነው።

ሲንጋፖር ለአጭር ጉብኝት ከኢትዮጵያውያን ቀድሞ የተሰጠ ቪዛ አትጠይቅም፤ ከመድረስዎ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢንተርኔት የመግቢያ ቅጽ መሙላት ግን አለብዎት። ታይላንድ ሲደርሱ ቪዛ ከምትሰጣቸው አገራት መካከል ኢትዮጵያን ለዓመታት አስገብታ ቆይታለች። ቆይታው 15 ቀን ነው። እሷም ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢንተርኔት ቅጽ ታስሞላለች። ቬትናም ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሁሉም አገር ዜጎች እስከ 90 ቀን የሚያገለግል የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ትሰጣለች፤ ክፍያው ለአንድ ጊዜ መግቢያ 25 ዶላር ነው። ኤምባሲ ደጃፍ መቆም የለም፤ ደሴ ቁጭ ብሎ ያልቃል።

ማሌዥያ፣ ጃፓን፣ ደቡብ አፍሪካና ብራዚል ቪዛ ቀድሞ መያዝ ይጠይቃሉ። የአውሮፓውን ሼንገን ማንም ያውቀዋል። እዚህ ላይ የደሴ ሰው የማይቆጥረው ወጪ አለ፦ አሻራ ለመስጠት አንድ ጊዜ፣ ፓስፖርቱን ለመውሰድ ሌላ ጊዜ አዲስ አበባ መመላለስ። የሁለት ጉዞ ትራንስፖርትና አልጋ ተደምሮ አንዳንዴ ከቪዛው ክፍያ ይበልጣል።

አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። በወሎ አውሮፕላን መሳፈር ማለት ለብዙ ጊዜ «አረብ አገር» ለሥራ መሄድ ማለት ነበር። ጎረቤት «ለመዝናናት ነው የምሄደው» ሲሉት ዓይኑን አጥብቦ ያይዎታል፤ የኢሚግሬሽን መኮንኑም እንደዚያው። በተለይ ፓስፖርትዎ ባዶ ከሆነና ብቻዎን የሚጓዙ ወጣት ሴት ከሆኑ ጥያቄው ይበዛል። የመመለሻ ትኬት፣ የሆቴል ማስያዣ፣ የሥራ ቦታ ደብዳቤና የያዙትን ገንዘብ የሚያሳይ ወረቀት ታትሞ በእጅ ይሁን። ስልክ ውስጥ ያለ ማስረጃ ባትሪው ሲያልቅ ማስረጃ አይደለም። በመጀመሪያው ጉዞ ቀለል ያለ አገር ሄዶ በሰዓቱ መመለስ ደግሞ ለሁለተኛው ቪዛ ከየትኛውም ደብዳቤ የበለጠ ይረዳል።

ፓስፖርትዎ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር የሚቆይ መሆን አለበት። አምስት ወር ከሃያ ቀን ቀርቶት የተመለሰ ሰው እናውቃለን።

የቢጫ ወባ ክትባት የግድ ነው?

ወደ ታይላንድና ወደ ሲንጋፖር፣ አዎ። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገራት ዝርዝር ውስጥ ስለሆነች ቢጫዋን ካርድ ይጠይቃሉ። ካርዷ መሥራት የምትጀምረው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ስለዚህ በዋዜማው የተከተበ እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ከሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከዚህ ቀደም ለሥራ ወጥተው ተከትበው ከሆነ አሮጌዋን ካርድ ከሳጥን ውስጥ ይፈልጓት።

ትኬቱን ከኮምቦልቻ ጀምሮ ልግዛ ወይስ ከአዲስ አበባ?

ከኮምቦልቻ ጀምሮ፣ በአንድ ትኬት።

ምክንያቱ ሐረጎ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊትዎ ያለው መኪና የኋላ መብራት እንኳ አይታይም። በእንዲህ ያለ ጠዋት የኮምቦልቻው በረራም ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ከሆኑና የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ካመለጠዎት፣ በሚቀጥለው አውሮፕላን ማሳፈር የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። ለየብቻ ከገዙ ግን ባንኮክ የሚሄደው አውሮፕላን እርስዎን የሚያውቅበት ነገር የለም፤ ትኬቱ ተቃጠለ። የሻንጣውም ነገር አለ፦ በአንድ ትኬት ሲሆን በዓለም አቀፉ የኪሎ ልክ ይጫናል፤ ለየብቻ ሲሆን ለአገር ውስጡ በረራ ትርፍ ኪሎ ሊከፍሉ ይችላሉ።

በመኪና አዲስ አበባ መግባት የመረጠ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን አስቀድሞ ይግባ። ከሚሴ፣ ሸዋ ሮቢት፣ ደብረ ሲና፣ ጣርማበር፤ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ ምን እንደሚያጋጥም ማን ያውቃል።

ትኬቴ ላይ 00:35 ይላል። መቼ ነው የምሄደው?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ብልህ ነው። እኔ አልጠየቅሁም ነበር፤ ትኬት ሻጭ ሆኜ።

ትኬቱ 15 ቀን፣ 00:35 ይላል። እኔ አሥራ አምስተኛው ቀን ማታ መስሎኝ፣ በአሥራ አምስት ከሰዓት በኋላ ከኮምቦልቻ የሚነሣ በረራ ላይ ራሴን ስመዘግብ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከትከሻዬ በላይ አየችና «አንተ! አውሮፕላኑ እኮ ዛሬ ማታ ነው» አለችኝ። በፈረንጆቹ ሰዓት ቀኑ የሚለወጠው እኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በምንለው ላይ ነው። 15 ቀን 00:35 ማለት በ14 ቀን ማታ እራት በልተው፣ ከሌሊቱ 6:35 ላይ የሚነሡበት ማለት ነው። በዚያ ላይ የእኛ አቆጣጠር ቀን ሌላ፣ የእነሱ ሌላ። ወደ እስያ የሚሄዱ በርካታ በረራዎች ከቦሌ የሚነሡት በእኩለ ሌሊት ዙሪያ ስለሆነ ይህ ስሕተት ተራ ስሕተት አይደለም። ሻንጣዬን በሃያ ደቂቃ አሰናዳሁ። ካልሲ ረሳሁ።

ታይላንድ ከደረሱ በኋላ ግን የሚያጽናና ነገር ያገኛሉ። ታይላንዳውያን በዕለት ተዕለት ንግግራቸው ምሽቱን እንደ እኛ ነው የሚቆጥሩት፤ እኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት የምንለውን እነሱም በቋንቋቸው የምሽት አንድ ይሉታል፣ ሁለት ሰዓቱንም ሁለት። የዘመን አቆጣጠራቸውም የራሳቸው ነው፤ ከፈረንጁ 543 ዓመት ይቀድማል። እኛ ወደ ኋላ፣ እነሱ ወደ ፊት። የገበያ ደረሰኝ ላይ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ምናምን የሚል ዓመት ቢያዩ አይደንግጡ።

ስንት ብር ይበቃኛል?

በብር አንነግርዎትም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሬው ተመን በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የጻፍነው ብር ለከርሞ መሳቂያ ያደርገናል። በዶላር ያስቡ።

ሰው ሁሉ የሚያየው የትኬቱን ዋጋ ነው። ትኬት ግን የወጪው አንድ ጎን ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል ትኬቱ 900 ዶላር የሆነ አገር ውስጥ በቀን 40 ዶላር የሚበቃ ቢሆን፣ ለ10 ቀን ጠቅላላው 1,300 ይመጣል። ትኬቱ 500 የሆነ፣ ግን በቀን 120 የሚያስወጣ አገር 1,700 ይመጣል። ርካሽ ትኬት የገዛ ሰው ውድ ዕረፍት ያደርጋል። ታይላንድና ቬትናም በመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ ሲንጋፖርና ጃፓን አልጋቸው ውድ ነው። ሲንጋፖር ውስጥ ግን ምግብ አያስፈራም፤ ሆከር ሴንተር የሚባሉት የጋራ መመገቢያ አዳራሾች ርካሽም ንጹሕም ናቸው። ከሆቴል ሬስቶራንት ራቅ ማለት ነው።

ዶላሩንስ ከየት አገኛለሁ?

ከባንክ። ፓስፖርት፣ ቪዛ የሚያስፈልግ ከሆነ ቪዛ፣ የተቆረጠ የደርሶ መልስ ትኬት ይዘው ይቀርባሉ። የሚሰጠው ልክ በመመሪያ የሚወሰን ስለሆነ ሒሳብ ያለዎትን ቅርንጫፍ አስቀድመው ይጠይቁ። በመጨረሻው ሳምንት አይሂዱ። ሆቴል ሲይዙ «ስደርስ እከፍላለሁ» የሚለውን አማራጭ የሚሰጡትን ይምረጡ። ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ የሚያወጡ ባንኮች አሉ፤ ካርዱ እስኪደርስ ጊዜ ስለሚወስድ ቀደም ብሎ ማመልከት ነው።

ጾመኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ሐላል ካልሆነ አይበላም። ምን እንበላለን?

ይህ የወሎ ጥያቄ ነው፤ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ባልና ሚስት ሌላ ቦታ ብዙ አይገኝም።

የሐላሉ ነገር ቀላል ነው። ማሌዥያና ኢንዶኔዥያ ውስጥ መጠየቅ እንኳ አያስፈልግም ማለት ይቻላል። ሲንጋፖርም የታወቀ የሐላል ምልክት አላት። ባንኮክ ናና የሚባለው ሰፈር የአረብ ምግብ ቤት የሞላበት ነው፤ የሐበሻ ምግብም እዚያው አካባቢ አይጠፋም።

ከባዱ ጾሙ ነው። ታይላንድ ውስጥ አትክልት ብቻ ብለው አዝዘው የሚመጣልዎት ሳህን ላይ ሥጋ አይኖርም፤ ግን ድስቱ ውስጥ ከዓሣ የተሠራ ፈሳሽ ቅመም ገብቷል። እሱ የማይገባበት ወጥ እዚያ የለም ብል ብዙም አላጋነንሁም፤ እኛ ሽንኩርት እንደምንለው ነው። መፍትሔው «ጄ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ጄ ማለት በቡድሃ እምነት ጾም የሚበላ፣ ሥጋም ዓሣም እንቁላልም ወተትም የሌለበት ምግብ ነው። ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ፊደል ተጽፎ ያዩታል፤ ፊደሏ ሁለት ጭረት ናት፣ በአንድ ቀን ትለመዳለች። እንዲያውም ከእኛ የጠበቀ ጾም ነው፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ከሙስሊም ባልደረባዬ ጋር ባንኮክ በሄድን ጊዜ ዕለቱ ዓርብ ነበር። አንድ የገበያ ማዕከል ፎቅ ላይ እኔ ቢጫ ባንዲራ፣ እሱ የሐላል ምልክት ፍለጋ ተለያየን። ተመልሰን አንድ ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥ የእኔ የአኩሪ አተር ሥጋ ከእሱ እውነተኛ ዶሮ ጋር ቁርጥ አንድ ይመስላል። እሱ የኔን ቀምሶ «ይኼ ነው ጾም?» አለ።

ሕንድ ለጾም ትመቻለች ሲባል ሰምተው ከሆነ በግማሽ ያምኑት። የታሸገ ምግብ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካለ ሥጋ የለበትም። ቅቤና ወተት ግን ሊኖርበት ይችላል፤ ለእነሱ ወተት ጾም አይፈታም።

ጫት ይዤ መሄድ እችላለሁ?

አይቻልም። ቻይናንና ሲንጋፖርን ጨምሮ በብዙ አገር ሕጉ ጫትን ከአደንዛዥ ዕፅ ነው የሚቆጥረው። ሻንጣ ኪስ ውስጥ የተረሳች እንጨት እንኳ ብትሆን ቀልድ የለም። ሰው «ይቺን ዕቃ ለወንድሜ አድርስልኝ» ብሎ የሚሰጥዎትን የታሰረ ጥቅልም ሳይፈቱ አይቀበሉ፤ ይቀየሙ ከሆነ ይቀየሙ።

በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በርበሬ በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። ሥጋና ቅቤ ብዙ አገር አያስገባም።

እናቴን ይዤ ብሄድ ትችለው ይሆን?

አብዛኛውን ጊዜ ይችላሉ፤ የሚቸገሩት ልጆቻቸው ናቸው። ቦሌ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር እንዲዘጋጅላቸው ትኬቱ ሲቆረጥ ይንገሩ፤ ክፍያ የለውም። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ከነማሸጊያውና ከሐኪም ወረቀቱ በእጅ ቦርሳ ይያዝ፤ የሚጫን ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል። በየሁለት ሰዓቱ ተነስተው መተላለፊያው ላይ ትንሽ ይራመዱ፤ ረጅም ሰዓት መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል።

ሙቀቱን አቅልለው አይመልከቱ። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው የምንኖረው፤ የኮምቦልቻ ፀሐይ ለባንኮክ ልምምድ አይሆንም። የአፋር ሙቀት ደረቅ ነው፣ ጥላ ካገኙ ያርፋሉ። የዚያ ግን እርጥብ ነው፤ ጥላውም ያልባል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ ማሳለፍ ነው።

አንዲት እናት ከዚህ ሁሉ ውስጥ የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ እዚያ ቡና ይጠጣል?» ቬትናም ነበር የሚሄዱት። በቡና ምርት ከብራዚል ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ናት አልናቸው። ዓይናቸው በራ። ሲመለሱ ግን ተቆጡን፦ በብረት ማጥለያ እየተንጠባጠበ፣ ከረጋ ጣፋጭ ወተት ጋር ነው የሚጠጣው፤ ቡናውም ሮቡስታ ስለሆነ መራራ ነው። ደግነቱ ጀበናቸውን ይዘው ነበር። ችግሩ ሌላ ቦታ መጣ፦ ሆቴል ክፍል ውስጥ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቆልተው፣ ዕጣኑን ጣል ሲያደርጉ ጣሪያው ላይ ያለው የጢስ መቆጣጠሪያ ጮኸ። ሦስት ሠራተኛ በሩን አንኳኳ። ሦስቱም ቡና ጠጥተው ሄዱ ይላሉ እሳቸው፤ ልጃቸው ግን ስለ ቅጣቱም ነግሮናል። ቡናው ተቆልቶና ተፈጭቶ ይሂድ፤ ዕጣኑ እዚህ ይቆይ።

ልጆችስ?

ሁለት ዓመት ያልሞላው ብዙውን ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ አሥር በመቶ ገደማ ይከፍላል፤ ወንበር ግን የለውም፣ ጭንዎ ላይ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ጭን ላይ። ከሁለት ዓመት በላይ ያለው ቅናሹ ትንሽ ነው።

እናንተ ታስፈልጋላችሁ ወይስ ራሴ ኢንተርኔት ላይ ልጨርስ?

በረራው ቀጥታ፣ አገሩም ቪዛ የማይጠይቅ ከሆነ ራስዎ ይጨርሱታል፤ ይህን በመጻፋችን አለቃችን ደስ አይላቸውም። ሁለት ሦስት አገር የሚያዳርስ ከሆነ ግን ሰው ያማክሩ። ባንኮክ ለምሳሌ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ አላት፦ ከአዲስ አበባ የሚያርፉበት ሱቫርናቡሚና ርካሾቹ የአካባቢ በረራዎች የሚበዙበት ዶን ሙዓንግ። በመካከላቸው በመኪና መንገድ የተጨናነቀ ከተማ አለ። ሁለት ሰዓት ልዩነት ብቻ ትቶ ከአንዱ ወርዶ ከሌላው ሊሳፈር ያሰበ ሰው ትኬት አይተን እናውቃለን።

«ቪዛው መቶ በመቶ ይወጣልሃል» የሚልዎትን ማንንም አይመኑ፤ ቪዛ የሚሰጠው ኤምባሲው ነው። ቀብድ የጠየቀዎት ሰው ደረሰኝ ካልሰጠዎት ቀብዱ ስጦታ ነው።

ትኬት መቼ ልቁረጥ?

ቪዛ ለሚጠይቅ አገር፣ ቪዛው ከወጣ በኋላ፤ ኤምባሲው የሚፈልገው የትኬት ማስያዣ እንጂ የተከፈለ ትኬት ካልሆነ ማለታችን ነው። ለሌላው ከሁለት እስከ ሦስት ወር አስቀድሞ። የቀኑን ነገር ላላ ያድርጉት፦ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ የሚነሣው ከዓርቡ የሚረክስበት ጊዜ ብዙ ነው። ለታኅሣሥ መጨረሻ ግን ሦስት ወርም አይበቃም። በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ለገና አገር ቤት ይገባሉ፣ ለጥምቀት ይቆያሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ፤ አውሮፕላኑ ወዲህም ወዲያም ሙሉ ነው። ለዚያ ጊዜ መስከረም ላይ፣ ለመስቀል የሚሆነውን ወጪ ከማውጣትዎ በፊት ይምጡ። ቢሮው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይከፈታል። ዓርብ ለጁምዓ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት አንዱ ጠረጴዛ ባዶ ነው፤ ሌላው ላይ እኔ አለሁ።